በቀዳዳ የሚነበብ ዜማ

ዜማ ከሰው አንደበትና ከሰው እጅ የሚወጣ ረቂቅ ነገር እንደ መሆኑ መጠን፣ ተሰምቶ ወዲያው የሚያልፍ፣ በሚዛን የማይመዘን፣ በክንድም የማይለካ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ይህን ረቂቅ ነገር በማስመሪያ ለክቶ፣ በእርሳስ ነጥቦ፣ በመብሻም በስቶ ከአንዲት ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ላይ የሚያሳርፍ፣ ሠሪዎቹ ጥቂቶች የሆኑ፣ ትውልዱ ግን ከታላላቆቹ ጥበባት ጋር የሚዛመድ አንድ የእጅ ሥራ አለ። ይኸውም በእጅ መዘውር ለሚዞር የሙዚቃ ሣጥን የሚዘጋጀው ባለ ቀዳዳ ወረቀት ነው። ሣጥኑ ከመዳፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ መዘውሩ በዞረ ቍጥር ጥብጣቡ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ወገን ይወጣል፤ በመካከሉም እያንዳንዱ ቀዳዳ በተራው አንዲት የብረት ጥርስ እያስነካ ድምፅዋን ያሰማል።

ብዙ ሰዎች ይህን መሣሪያ የሕፃናት መጫወቻ አድርገው ይቈጥሩታል፤ መጫወቻም መሆኑ አይካድም። ሆኖም የዜማን ሥርዓት ከሥሩ ለማወቅ ለሚሻ ሰው፣ በዋጋው ከዚህ የቀለለ፣ በትዕግሥቱም ከዚህ የበለጠ መምህር ማግኘት አስቸጋሪ ነው ብለን እናምናለን። ምክንያቱም ሣጥኑ ከራሱ የሚጨምረው ምንም ዕውቀት ስለሌለው፣ ወረቀቱን የሚበሳው ሰው የድምፁን ከፍታና ዝቅታ፣ የምቱንም ርዝመትና እጥረት አንድ ሳያስቀር ዐውቆ በልክ እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል። ስለዚህ የመሣሪያውን ትውልድ፣ አሠራሩን፣ የጥብጣቡን አዘገጃጀትና ከአገራችን ቅኝቶች ጋር ያለውን ግንኙነት በየተራው እንገልጻለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሣጥኑ ትውልድ

ራሱን በራሱ የሚያዜም መሣሪያ ለመሥራት ሊቃውንት የደከሙት ከጥንት ጀምሮ ነው። በዘጠነኛው ምዕት ዓመት በባግዳድ ይኖሩ የነበሩት፣ በኑ ሙሳ የተባሉት ሦስት ወንድማማች ሊቃውንት፣ በውኃ ኃይል የሚነፋና ችንካር በተተከለበት ዙሪያ ክብ ግንድ የሚታዘዝ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ጽፈው አልፈዋል። ከብዙ ዘመን በኋላም የአውሮፓ ከተሞች በየደወል ቤታቸው ይህንኑ ባለ ችንካር ሲሊንደር ለታላላቅ ደወሎች አዋሉት፤ ችንካሩ ሲዞር መዶሻውን ያነሣል፣ መዶሻውም ደወሉን ይመታል።

ይህን ግዙፍ ነገር ወደ ኪስ ያወረደው አንቷን ፋቭር የተባለ የጄኔቭ ሰዓት ሠሪ ነው። እርሱ በ1796 ዓ.ም. ለጄኔቭ የጥበባት ማኅበር ያቀረበው ፈጠራ ደወልም መዶሻም የሌለው ሲሆን፣ በእነርሱ ፈንታ እያንዳንዱ ለአንድ ድምፅ የተቃኘ ቀጫጭን የዓረብ ብረት ጥርስ ነበረው፤ ችንካሩ ጥርሱን ወደ ላይ አንሥቶ ሲለቀው ጥርሱ እየተርገበገበ ያዜማል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ይህ ጥበብ በስዊስ አገር በዡራ ተራሮች፣ ይልቁንም ሴንት ክሯ በተባለችው ከተማ ሥር ሰድዶ፣ ክረምቱ በረዘመበትና በረዶው መንገዱን በዘጋበት ደጋ የብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ለመሆን በቃ። ሻርል ሩዥ በ1865 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ያቋቋመው የሥራ ቤት ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል።

ባለ ችንካሩ ሲሊንደር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ችንካሮቹ አንድ ጊዜ ከተተከሉ በኋላ የማይነቀሉ በመሆናቸው፣ ሣጥኑ የሚያውቀው ዜማ ሲሠራ የተሰጠውን ብቻ ነበር፤ አዲስ ዜማ የሚሻ ሰው አዲስ ሲሊንደር፣ ብዙውን ጊዜም አዲስ ሣጥን መግዛት ነበረበት። ፓውል ሎኽማን በ1880ዎቹ ዓመታት በላይፕሲክ ከተማ ሲምፎኒዮን የተባለውን ባለ ዲስክ ሣጥን ባወጣ ጊዜ ችግሩ በከፊል ተቃለለ፤ ዲስኩ ተነሥቶ ሌላ ይተካበታልና። ነገር ግን ዲስኩን የሚቀጠቅጠው ፋብሪካ እንጂ የቤቱ ባለቤት አልነበረም። የዜማው ትእዛዝ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ እንዲመጣ ወረቀት አስፈለገ።

ወረቀቱ የመጣው ደግሞ ከሸማኔ ቤት ነው። በፈረንሳይ አገር የሐር ሽመና በገነነባት በሊዮን ከተማ፣ ባዚል ቡሾን የተባለ ሰው በ1725 ዓ.ም. የድሩን ክሮች የሚመርጥ ባለ ቀዳዳ ወረቀት ለሽመና መሣሪያ ሠራ፤ ይህም ሰው የኦርጋን ሠሪ ልጅ እንደ ነበረ ስለሚነገር፣ አሳቡን ከአባቱ ሥራ ሳያገኘው አልቀረም። ዦዜፍ ማሪ ዣካር በ1804 ዓ.ም. ይህንኑ ብልሃት ፍጹም አድርጎ፣ እርስ በርሳቸው በተያያዙ ባለ ቀዳዳ ካርቶኖች የሚታዘዘውን ሸማ መሥሪያ አወጣ። የመሣሪያው ኃይል ምን ያህል እንደ ነበረ ለመረዳት፣ በ1839 ዓ.ም. የዣካር ራሱ ሥዕል 24,000 ያህል ካርቶኖች ተበስተውለት በሐር ክር መሸመኑን ማስታወስ ይበቃል። አሜሪካዊው ሔርማን ሆለሪት የ1890 ዓ.ም.ን የሕዝብ ቈጠራ በባለ ቀዳዳ ካርድ ያካሄደው፣ በኋላም የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ትእዛዛቸውን ከካርድና ከወረቀት ጥብጣብ ያነበቡት ከዚህ ከአንድ ምንጭ ተቀድቶ ነው።

ከሽመናው ቤት ወረቀቱ ተመልሶ ወደ ሙዚቃ ገባ። በፓሪስ የጋቭዮሊ ቤት በ1892 ዓ.ም. ለአደባባይ ኦርጋን የታጠፈ ባለ ቀዳዳ ካርቶን አወጣ፤ በአሜሪካም ኤድዊን ቮቲ በ1895 ዓ.ም. ፒያኖላ የተባለውን፣ የወረቀት ጥቅል እየጠባ ፒያኖ የሚመታ መሣሪያ ሠራ። ጥቅሉም እጅግ ተወዳጅ ከመሆኑ የተነሣ፣ በ1908 ዓ.ም. የየፋብሪካው ሰዎች በቡፋሎ ከተማ ተሰብስበው ለ88ቱ የፒያኖ ድምፆች አንድ ወጥ የወረቀት ልክ እስከ መወሰን ደረሱ። የእኛዋ ትንሽ ሣጥን ከአባትዋ ከጄኔቭ ሰዓት ሠሪ የብረቱን ሚዶ፣ ከእናትዋም ከሊዮን ሸማኔ ቤት ወረቀቱን ወርሳ የተወለደች ናት ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

አሠራሩ

የመሣሪያው ልብ የዓረብ ብረት ሚዶ ነው። በተለመደው ትንሽ ሣጥን ሚዶው 15 ጥርሶች ሲኖሩት፣ እነዚህም ከታችኛው ዶ ተነሥተው ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ እያሉ ሁለት ስምንተኛ (ኦክታቭ) ወጥተው በላይኛው ዶ የሚያበቁ ናቸው፤ ይኸውም በፒያኖ ላይ ነጮቹ ቍልፎች ብቻ ማለት ነው። ረዥሙ ጥርስ ወፍራሙን ድምፅ፣ አጭሩ ቀጭኑን ይሰጣል፤ ውፍረቱ እኩል የሆነ ጥርስ ርዝመቱ በእኩሌታ ቢያጥር ርግብግቢቱ አራት እጥፍ ስለሚፈጥን፣ ለሁለት ስምንተኛ የሚያስፈልገው የርዝመት ልዩነት ከሚገመተው ያነሰ ነው። የድሮዎቹ ሠሪዎች ሣጥኑን ሳያስረዝሙ ዝቅተኛውን ድምፅ ለማግኘት ሲሹ፣ ከወፍራሞቹ ጥርሶች ሥር ጥቂት የእርሳስ ማዕድን ያጣብቁ ነበር።

ከሚዶው ፊት ለፊት በአንድ ዘንግ ላይ 15 ጥርሳም መንኰራኵሮች፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ አንድ ሆነው ተደርድረዋል። ወረቀቱ በመዘውሩ እየተጐተተ በእነዚህ ላይ ሲያልፍ፣ ቀዳዳ በሌለበት ስፍራ መንኰራኵሩ ታግዶ ዝም ይላል፤ ቀዳዳው በደረሰ ጊዜ ግን ጥርሱ ወደ ቀዳዳው ገብቶ መንኰራኵሩ ይዞራል፣ ሲዞርም የሚዶውን ጥርስ አንሥቶ ይለቀዋል። ስለዚህ በዚህ መሣሪያ ዘንድ ወረቀት ማለት ዝምታ፣ ቀዳዳ ማለትም ድምፅ ነው።

ከዚህ አሠራር ለጥብጣብ ሠሪው ሁለት ሕጎች ይወለዳሉ። የመጀመሪያው፣ የቀዳዳው ርዝመት የድምፁን ርዝመት አይለውጥም የሚለው ነው። በኦርጋንና በፒያኖላ ጥቅል ላይ ረዥም ቀዳዳ ረዥም ድምፅ ይሰጣል፤ ነፋሱ ቀዳዳው ክፍት እስከ ሆነ ድረስ ያልፋልና። በሙዚቃ ሣጥን ግን ጥርሱ አንድ ጊዜ ይነካል፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ በራሱ ጊዜ እየሳሳ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ሁልጊዜ ክብና አንድ መጠን ያለው፣ ዲያሜትሩም ወደ ሁለት ሚሊሜትር የሚጠጋ ይሆናል። ሁለተኛው ሕግ፣ አንድ ድምፅ በላይ በላዩ ሊደጋገም አለመቻሉ ነው። መንኰራኵሩ አንዱን ዙር ጨርሶ ለሚቀጥለው ቀዳዳ እስኪዘጋጅ ድረስ ወረቀቱ ሰባት ወይም ስምንት ሚሊሜትር ያህል መጓዝ አለበት፤ ሁለት ቀዳዳዎች በአንድ መሥመር ላይ ከዚህ ቢቀራረቡ ሁለተኛው ሳይሰማ ያልፋል። በልዩ ልዩ መሥመር ላይ ያሉት ግን ምንም ያህል ቢቀራረቡ አይጋረዱም።

መሣሪያው ብቻውን በእጅ ተይዞ ሲዞር ድምፁ ከጆሮ ርቆ አይሄድም። ከእንጨት ሣጥን ጋር ሲታሠር ወይም ከጠረጴዛ ላይ ተጭኖ ሲያዝ ግን፣ የክራር ገበቴ የአውታሩን ድምፅ ተቀብሎ እንደሚያጐላው ሁሉ፣ እንጨቱ ርግብግቢቱን ተቀብሎ ክፍሉን ይሞላዋል።

የጥብጣቡ አዘገጃጀት

ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ወፍራምና ጠንካራ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ የሾለ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቀስ፣ ከሣጥኑም ጋር የሚመጣው በጉጠት መልክ የተሠራ መብሻ። ስስ ወረቀት በመንኰራኵሮቹ ጥርስ ይቀደዳል፣ እጅግ ወፍራሙም አይገባም፤ ስለዚህ የመጋበዣ ካርድ ከሚታተምበት ዐይነት መካከለኛው ይመረጣል። የባለ 15 ድምፁ ሣጥን ጥብጣብ 41 ሚሊሜትር ስፋት ሲኖረው፣ በርዝመቱ 15 መሥመሮች በሁለት ሁለት ሚሊሜትር ርቀት ይሰመሩበታል፤ አግድም የሚያቋርጡት መሥመሮች ደግሞ ጊዜን የሚለኩ ሲሆኑ፣ በስምንት በስምንት ሚሊሜትር ርቀት ቢሰመሩ ለሥራው ይመቻል። እነሆ፣ በዚህች መረብ ላይ ስፋት ከፍታና ዝቅታ፣ ርዝመትም ጊዜ ሆነ።

ሠሪው ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት ዜማውን ይመረምራል። መጀመሪያ የዜማው ዝቅተኛና ከፍተኛ ድምፅ በሁለቱ ስምንተኛ ውስጥ ይገቡ እንደ ሆነ ያያል፤ የማይገቡ ቢሆን ዜማውን በሙሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያዛውረዋል፣ በሚያስፈልግም ጊዜ አንዷን ድምፅ ወደ ቅርቡ ስምንተኛዋ ይመልሳታል። ቀጥሎም በዜማው ውስጥ ሚዶው የሌለው ግማሽ ድምፅ እንዳይኖር ይጠነቀቃል። በመጨረሻም ለአንድ ምት ምን ያህል ርዝመት እንደሚሰጥ ይወስናል። ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ለምሳሌ 16 ቤት ያለው፣ በየቤቱም አራት አራት ምት የሚመታ ዜማ በጠቅላላው 64 ምት ስለሚሆን፣ ለአንድ ምት 8 ሚሊሜትር ቢሰጠው 512 ሚሊሜትር፣ ማለት ከግማሽ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ወረቀት ይበቃዋል። ነገር ግን በዜማው ውስጥ አንድ ድምፅ በአንድ ምት ሁለት ጊዜ የሚደጋገምበት ስፍራ ቢኖር፣ ከላይ በተነገረው ሕግ መሠረት ለምቱ 16 ሚሊሜትር መስጠት ግድ ስለሚሆን ወረቀቱ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል። እንዲህ ሲሆን አንዲት ፈጣን ድግግሞሽ የሙሉውን ዜማ መልክ ትወስናለች።

ከዚህ በኋላ ነጥብ መንጠብ ይመጣል። ሠሪው ከጥብጣቡ መነሻ ላይ የሚያዝበትን ጥቂት ሴንቲሜትር ባዶ ትቶ፣ በየትኛው ወገን ወፍራሙ ድምፅ እንዳለና ወረቀቱ በየት በኩል እንደሚገባ በቀስት ምልክት ያደርጋል፤ ይህን ያላደረገ ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲያበቃ የማያውቀውን ዜማ ይሰማል። ከዚያም ዜማውን በቃሉ እያለ እያንዳንዱን ድምፅ በመሥመሮቹ መገናኛ ላይ በእርሳስ ይነጥባል። በአንድ አግድም መሥመር ላይ የተነጠቡት ሁሉ በአንድነት ይሰማሉ፤ በጥቂቱ እያዘገዩ የተነጠቡት ደግሞ እንደ በገና ድርድር ተከታትለው ይፈስሳሉ። ረዥም ድምፅ በዚህ መሣሪያ ስለማይገኝ፣ ዜማው በሚያርፍበት ስፍራ ልምድ ያለው ሠሪ ባዶውን እንዲሁ አይተወውም፤ ከሥሩ ሁለት ሦስት ለስላሳ ድምፆችን እያከታተለ ጆሮው እስከሚቀጥለው ሐረግ ድረስ እንዲጠብቅ ያደርገዋል።

መብሳቱ ራሱ የእጅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ነጥቡ በሁለት መሥመሮች መካከል በግማሽ ሚሊሜትር ቢያዘነብል መንኰራኵሩ ቀዳዳውን ሊስተው ይችላል፤ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢያልፍም ምቱ ይሰናከላል። ስለዚህ መብሻው በነጥቡ ላይ በቀጥታ ከመቀመጡ በፊት አይጫንም። አንድ ቀዳዳ ያለ ቦታው ከተበሳ ግን ሥራው ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ በስስ የሚያጣብቅ ፕላስቲክ በሁለቱም ገጽ ተሸፍኖ ትክክለኛው ከጐኑ ይበሳል። ብዙ ቅጂ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ጥብጣብ ከሌላ ወረቀት ጋር አጋጥሞ በቀዳዳዎቹ ውስጥ እያመለከተ ይገለብጣል። በአሁኑ ዘመን ዜማውን በኮምፒዩተር ጽፎ ጥብጣቡን በጨረር መቍረጫ መሣሪያ የሚያስበሳ ሰው አለ፤ ፍጥነቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የመጀመሪያዎቹን ጥብጣቦች በእጁ የበሳ ሰው የሚያገኘው የልክ ማስተዋል ከዚያ አይገኝም።

ጥብጣቡ ተበስቶ ሲያልቅ የመነሻው ማዕዘኖች በመቀስ ይሸረፋሉ፣ በሣጥኑ አፍ በቀላሉ እንዲገባ። አሁን ሥራው ወደ ሚዘውረው እጅ ተላለፈ። በደቂቃ 90 ምት ለሚሄድ ዜማ፣ ምቱ 8 ሚሊሜትር ከሆነ ወረቀቱ በደቂቃ 72 ሴንቲሜትር መጓዝ አለበት፤ ይህን የሚወስነው ግን ወረቀቱ ሳይሆን እጁ ነው። እጁ ሲያዘገይ ዜማው ይተክዛል፣ ሲያፈጥን ይፈነጥዛል፤ በሐረጉ መጨረሻ ጥቂት ቆም ቢል ዜማው ትንፋሽ ያገኛል። የድምፆቹ ቅደም ተከተል በወረቀቱ ላይ ተወስኖ ሳለ፣ የጊዜው ነፍስ በሰው እጅ መቅረቱ ይህን መሣሪያ በራሳቸው ከሚያዜሙት መሣሪያዎች ከብዙዎቹ የሚለየው ክብር ነው።

ጥብጣቡን መገልበጥ

ወረቀት ፊትና ጀርባ፣ ራስና ግርጌ ስላለው አንድ ጥብጣብ በአራት መንገድ ይዘወራል። ከመነሻው በፊቱ ሲገባ ዜማው እንደ ተጻፈው ይሰማል። ከመነሻው በጀርባው ሲገባ ጊዜው ሳይለወጥ ከፍ ያለው ዝቅ፣ ዝቅ ያለውም ከፍ ይላል። ከግርጌው በጀርባው ሲገባ ድምፆቹ በየቦታቸው ሆነው ዜማው ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ይሄዳል። ከግርጌው በፊቱ ሲገባ ደግሞ ሁለቱም ይለዋወጣሉ። እነዚህ አራት መልኮች በአውሮፓ የዜማ ሊቃውንት ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው፤ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1747 ዓ.ም. ለፕሩሲያው ንጉሥ ለፍሬድሪክ ባበረከተው የዜማ መጽሐፍ ውስጥ፣ አንዱ ድምፅ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው ያንኑ ዜማ ወደ ኋላ የሚሄድበት ድርሰት ይገኛል። ተማሪ ይህን በመጽሐፍ ሲያነብ ይጨነቃል፤ ጥብጣቡን ገልብጦ ሲዘውረው ግን በአንድ ጊዜ ይገባዋል።

ከዚህም አልፎ የጥብጣቡን ሁለት ጫፎች በግማሽ ዙር ጠምዝዞ ማጣበቅ ይቻላል። ይህ ቅርጽ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ አውጉስት ሞቢዩስ በ1858 ዓ.ም. የመረመረው፣ ፊትና ጀርባው አንድ የሆነ ቀለበት ነው። ወረቀቱ በመጀመሪያው ዙር ዜማውን እንዳለ ካዜመ በኋላ፣ በሁለተኛው ዙር ማንም ሳይነካው ተገልብጦ ይመጣና ከፍታውን ወደ ዝቅታ ለውጦ ያዜማል፤ በሦስተኛው ዙር ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

በባለ ቀዳዳ ወረቀት ከሠሩት ሰዎች መካከል ሳይጠቀስ የማይታለፈው ኮንሎን ናንካሮ ነው። በ1912 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የተወለደው ይህ ሰው በእስፓኝ የእርስ በርስ ጦርነት ከሪፐብሊኩ ወገን ተሰልፎ ከተዋጋ በኋላ በ1940 ዓ.ም. ወደ ሜክሲኮ ሄዶ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያ ኖረ። የሰው ጣት ሊደርስበት የማይችለውን ምት በአሳቡ ይሰማ ስለ ነበር፣ የፒያኖ ጥቅሎችን በእጁ እየበሳ ድርሰቶቹን በወረቀት ላይ ጻፈ። አንዱን ድርሰት ለመብሳት ብዙ ወራት ይፈጅበት ነበር፤ ለረዥም ዘመንም የሰማው ሰው ጥቂት ነበረ። በመጨረሻ ግን የዓለም ሙዚቀኞች ዐወቁት፤ በ1997 ዓ.ም. ሲያርፍ ከምዕት ዓመቱ ታላላቅ ደራስያን አንዱ ሆኖ ይቈጠር ነበር።

ቅኝቶቻችንና ሣጥኑ

ይህ መሣሪያ ለምዕራባውያን ዜማ የተሠራ ቢሆንም፣ ለአገራችን ቅኝቶች ምን ያህል እንደሚያገለግል መመርመር ተገቢ ነው። የቅኝቶቹ ድምፆች እንደ ፒያኖ ተስተካክለው ሲታሰቡ፣ ትዝታ በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ባቲ በዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ይገኛል፤ አምባሰልም ከሚ ተነሥቶ በሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይሟላል። እነዚህ ሦስቱ ምንም ሳይጐድላቸው በ15ቱ ጥርሶች ውስጥ አሉ። አንቺሆዬ ግን አይገኝም፤ ከሲ ተነሥተን ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ካልን በኋላ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ሶል ያስፈልገናልና። ይህን ድምፅ የሚሰጠው በመካከለኛ ክፍሉ ግማሽ ድምፆችን የያዘው ባለ 30 ጥርሱ ሣጥን ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ጥብጣቡ በጀርባው ሲገባ ቅኝቱ መለወጡ ነው። በ15ቱ መሥመሮች መካከል ያለችው ስምንተኛዋ ዶ ባለችበት ጸንታ፣ ሬ ወደ ሲ፣ ሚ ወደ ላ፣ ፋ ወደ ሶል፣ እነዚህም ወደነዚያ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ በትዝታ የተበሳ ጥብጣብ ሲገለበጥ ዶ፣ ሲ፣ ላ፣ ፋ፣ ሚ ይሆናል፤ ይኸውም የአምባሰል ድምፆች ናቸው። አምባሰልም ሲገለበጥ ወደ ትዝታ ይመለሳል። ባቲ ቢገለበጥ ደግሞ ዶ፣ ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሬ ሆኖ፣ ከፋ የሚነሣ ትዝታ ይወጣል። ማንኛውም ሰው በእርሳስና በወረቀት ሊያረጋግጠው የሚችለው ይህ ዝምድና፣ ቅኝቶቻችን በስሜት ብቻ ሳይሆን በስፍርና በሥርዓትም የተያያዙ መሆናቸውን ያሳያል።

የመሣሪያው ወሰንም ሊታወቅ ይገባል። የአዝማሪ ድምፅ ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው ሲንሸራተት፣ የማሲንቆ ጭራም ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ የሚሰማው ለዛ በሣጥኑ አይገኝም፤ የአገራችን ዘፋኞች የሚጠቀሙበትም የድምፅ ርቀት ሁልጊዜ ከፒያኖው ልክ ጋር አንድ አይደለም። ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይለያል። በቅዱስ ያሬድ ድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ የሚጻፉት ድፋት፣ ይዘት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክና የመሳሰሉት ምልክቶች፣ ከመምህሩ አፍ ለዓመታት የተማረውን ዜማ ለመሪጌታው የሚያስታውሱ ናቸው፤ ምልክቱ ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። የጥብጣቡ ቀዳዳ ግን ምንም ለማያውቅ ብረት የተጻፈ ትእዛዝ ስለ ሆነ፣ በሠሪው ልብ ተሰውሮ የቀረ ነገር ሁሉ ሳይሰማ ይቀራል። አንደኛው የትውፊት ልጅ ነው፣ ሁለተኛው የልክ፤ አንዱ በሌላው ቦታ ሊተካ አይችልም፣ አያስፈልግምም።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ለሙዚቃ መምህራንና ለወላጆች አንድ ቃል መናገር እንወዳለን። ልጅ ኖታ ለመማር የሚቸገረው በወረቀት ላይ የሚያየው ምልክት ከሚሰማው ድምፅ ጋር ያለው ዝምድና ስለሚሰወርበት ነው። ባለ ቀዳዳው ጥብጣብ ይህን መጋረጃ ያነሣለታል፤ ከፍታ ስፋት ሆኖ፣ ጊዜም ርዝመት ሆኖ በዐይኑ ያየዋል፣ በጣቱ ይዳስሰዋል፣ ስሕተቱንም ሣጥኑ ያለ ቍጣ ይነግረዋል። ስለዚህ ይህ ትንሽ መሣሪያ ከእጃችሁ በገባ ጊዜ፣ ከሣጥኑ ጋር የመጣውን የተዘጋጀ ጥብጣብ አዙራችሁ አታብቁ፤ ባዶውን ወረቀት ለልጁ ስጡት፣ ከቤቱ የሚያውቀውንም አንድ የትዝታ ዜማ ምት ምቱን እየቈጠረ በገዛ እጁ እንዲበሳ አድርጉ። አንድ ዜማ በልክ በስቶ የጨረሰ ልጅ ሁለተኛውን ማንም ሳያዝዘው ይጀምራል።